ከስፋቱ በቀር ሁሉም እኩል

ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል በጣት የሚያዝ፣ መሬት ላይ ሲወድቅ የሚሰማ የብረት ዘንግ ነበር። አንዱ ጫፉ ላይ የፊደሉ ምስል የግራው ወደ ቀኝ ተገልብጦ፣ ከፍ ብሎ ይታያል። ቀለም የሚቀባውና ወረቀት የሚነካው ያ ጫፍ ብቻ ነው፤ የቀረው አካል ሥራው ፊቱን በቦታው መያዝ ነው። ይህን ሥራ የሚወጣው ግን ልኩ ከተጠበቀ ነው።

ዘንጉ ሦስት ልኮች አሉት። አንዱ ከእግሩ እስከ ፊቱ ያለው ቁመት ነው፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ 23.3 ሚሊሜትር ገደማ። ሌላው ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው መስመር የሚይዘው ውፍረት ሲሆን፣ ዛሬ በኮምፒዩተር ላይ «12 ፖይንት»፣ «10 ፖይንት» እያልን የምንመርጠው መጠን የዚህ ውፍረት ቅሪት ነው። ሦስተኛው ወደ ጎን የሚይዘው ስፋት ነው። ቁመት በማተሚያ ቤቱ ላሉ ፊደላት ሁሉ አንድ መሆን አለበት። ውፍረት የአንድ መጠን ለሆኑ ፊደላት ሁሉ አንድ መሆን አለበት። ስፋት ግን እንደ ፊደሉ ይለያያል፤ ለ«ነ» የሚበቃው ቦታ «ጨ»ን አይችላትም።

ስሕተት እዚህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በቁጥር ማየት ይቻላል። ፊቱ ከጎረቤቶቹ አምስት መቶኛ ሚሊሜትር ዝቅ ያለ ፊደል ወረቀቱ ላይ ደብዝዞ ይወጣል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ወረቀቱን ይበሳል። በአንድ መስመር ውስጥ 60 ፊደላት ቢኖሩና እያንዳንዱ በ0.02 ሚሊሜትር ብቻ ቢሰፋ፣ መስመሩ በጠቅላላው ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል። ገጹ ደግሞ በብረት ክፈፍ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተጨንቆ ነው ወደ መኪናው የሚሄደው። አንዱ መስመር ረዝሞ ሌላው ካጠረ ግፊቱን ረጅሙ ብቻ ይሸከማል፤ ክፈፉ ሲነሳ የአጭሩ መስመር ፊደላት ይረግፋሉ።

ስለዚህ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ፊደል የሚያወጣ መሣሪያ የነደፈ ሰው ሁሉ የገጠመው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሁለቱን ልኮች ፈጽሞ እንዳይንቀሳቀሱ አስሮ፣ ሦስተኛውን እንደ ፈለጉ የሚያስረዝሙትና የሚያሳጥሩት እንዴት ነው? የፊደሉ ውበት የቀራፂው ጉዳይ ነው፤ መሐንዲሱን እንቅልፍ የሚነሳው ስፋቱ ነው።

ስለ ዮሐንስ ጉተንበርግ ሲወራ ማተሚያ መኪናው ይነሳል። የእንጨት መጭመቂያ ግን ወይን ጠማቂዎች ዘንድ ቀድሞም ነበር። በ1450 ገደማ (እዚህ ምዕራፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ማይንትስ ከተማ ላይ የተጀመረው ጥበብ በእኔ ግምት ዋናው ምስጢሩ ያለው ፊደሉ በሚወጣበት መንገድ ላይ ነው። በአውሮፓ ለዘመናት የተሠራበት መንገድ ሦስት ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ፊደሉ በአረብ ብረት ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ማኅተም ጎልቶ ይቀረጻል። ማኅተሙ በመዶሻ ተመትቶ ለስላሳ መዳብ ውስጥ ይገባል፤ ጎድጓዳ ምስል የያዘው ይህ መዳብ ማትሪስ ይባላል። ማትሪሱ ከፎርማ በታች ይገጠምና ቀልጦ የፈላ ብረት ከላይ ይፈስበታል።

የእጅ ፎርማው ንድፍ እስካሁን ያስደንቀኛል። ሁለት ቁራጮች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የማዕዘን ቅርጽ ይዘው ፊት ለፊት ይገጥማሉ። በመካከላቸው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይቀራል። አንዱ በሌላው ላይ ወደ ጎን ሲንሸራተት ቀዳዳው ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ ውፍረቱ ግን በቁራጮቹ ቋሚ ግድግዳ ስለ ተወሰነ ንቅንቅ አይልም። ቁመቱም በፎርማው ጥልቀት ታስሯል። ማትሪሱ ራሱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ስለሚወስን፣ ሠራተኛው ማትሪስ በለወጠ ቁጥር ፎርማው የዚያን ፊደል ስፋት ይይዛል። ሁለት የታሰሩ ልኮች፣ አንድ የተፈታ። ከዚህ በኋላ ለ500 ዓመት የመጡት መኪናዎች ሁሉ ይህን ግንኙነት አልለወጡም፤ የለወጡት ቁራጮቹን የሚያንቀሳቅሰውን እጅ ነው።

የእጁ ሥራ ደግሞ ከባድ ነበር። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሞክሰን በ1683 ለንደን ላይ ማሳተም በጀመረው የኅትመት ጥበብ መጽሐፉ ሥራውን እርምጃ በእርምጃ ይገልጸዋል። ሠራተኛው ፎርማውን በግራ እጁ ይይዛል፤ በትንሽ ማንኪያ የቀለጠውን ይጨልፋል፤ አፍስሶ ወዲያው እጁን ወደ ላይ በኃይል ይወረውራል። ውርወራው ትዕይንት አይደለም። የቀለጠው ብረት በራሱ ክብደት ብቻ ቢወርድ የማትሪሱ ቀጫጭን ስንጥቆች ውስጥ ሳይደርስ ይረጋል፤ ፊደሉም ጠርዙ የተሸረፈ ይሆናል። እያንዳንዱ መጠንና እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ አወራወር ነበረው። ሞክሰን እንደሚለው አንድ ሠራተኛ በቀን 4,000 ያህል ፊደል ያወጣ ነበር። ያ ሁሉ ድካም ግን ጽሑፉ ጠበቅ ያለ መጽሐፍ ቢሆን ለሁለት ገጽ እንኳ ላይበቃ ይችላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ የማፍሰሻው ትርፍ ጭራ ይሰበራል፤ ጎኖቹ በድንጋይ ይፋቃሉ፤ እግሩ በመላጊያ ይስተካከላል።

ስለ ብረቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ መኪናዎቹ የተነደፉት በእሱ ጠባይ ዙሪያ ነውና። እርሳስ ብቻውን ርካሽና ቶሎ የሚቀልጥ ቢሆንም ለስላሳ ነው፤ ሲረጋም ይሰበሰባል። አንቲሞኒ ሲጨመርበት ይጠነክራል፣ መሰብሰቡም ይቀንሳል። ቆርቆሮ ደግሞ ቅልጡ በደንብ እንዲፈስና እንዳይሰባበር ያደርገዋል። መጠኑ እንደ ሥራው ይለያያል። ለዓመታት የሚያገለግል የእጅ ለቀማ ፊደል አንቲሞኒው ሩብ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ለአንድ ቀን ጋዜጣ ብቻ ተፈልጎ ማግሥቱን ተመልሶ የሚቀልጠው የላይኖታይፕ (በኋላ የምንደርስበት፣ መስመርን በሙሉ አንድ ቁራጭ አድርጎ የሚያወጣ መኪና) ብረት ግን 84 በመቶ እርሳስ፣ 12 በመቶ አንቲሞኒና 4 በመቶ ቆርቆሮ አካባቢ ነው። ይህ ድብልቅ የተመረጠበት ምክንያት አለው። በዝቅተኛ ሙቀት፣ 240 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም መሀል ላይ እንደ ገንፎ ሳይቆይ ከፈሳሽ በአንድ ጊዜ ወደ ጠጣር ያልፋል። ሰከንድ ለሚቆጥር መኪና ከዚህ የተሻለ ጠባይ የለም።

ውርወራውን ያስቀረው የኒው ዮርኩ ዴቪድ ብሩስ ልጅ፣ ዴቪድ ብሩስ ታናሹ ነው። በ1838 የፈጠራ መብት ባገኘበት መኪና ላይ የቀለጠው ብረት ከድስቱ የሚወጣው በፓምፕ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ ብረቱ በጠባብ አፈሙዝ ተተፍቶ ፎርማው ውስጥ በግፊት ይገባል፤ ቀጫጭኑን የማትሪስ ስንጥቅ ሁሉ ግፊቱ ይሞላዋል። ግን ፓምፑ አዲስ ችግር ያመጣል። አፈሙዙና ፎርማው በሚተፋበት ቅጽበት ካልተጣበቁ የፈላ ብረት ይረጫል፤ ከተጣበቁ በኋላ ቶሎ ካልተለያዩ ደግሞ የአፈሙዙ ሙቀት ወደ ፎርማው፣ የፎርማው ቅዝቃዜ ወደ አፈሙዙ ያልፋል፤ አንዱ ሳይረጋ ሌላው ይደፈናል።

የብሩስ መፍትሔ ፎርማውን ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ክንድ ላይ መትከል ነበር። ሠራተኛው እጀታውን አንድ ዙር ሲያዞር ዘንጉ ላይ ያሉት ካሞች፣ ማለትም ሲዞሩ ሌላውን ክፍል የሚገፉ ጎባጣ መንኮራኩሮች፣ ሁሉንም በየተራ ያዛሉ። ክንዱ ወደ ድስቱ ይሄድና አፈሙዙ ላይ ያርፋል። ፓምፑ ይመታል። ክንዱ ሲመለስ፣ ያው መመለሱ ራሱ የፎርማውን የላይኛውን ግማሽ ከታችኛው ያላቅቃል፤ ማትሪሱም በሞላ ተስቦ ከፊደሉ ፊት ዘንበል ይላል። ፊደሉ ይወድቃል። ልብ በሉ፤ ለመክፈት የተለየ ሞተር ወይም የተለየ ትእዛዝ የለም፤ መክፈት የመመለስ ውጤት ነው። ከጥሩ ንድፍ የምወደው እንዲህ ያለውን ነው። የዚህ መኪና ልጆችና የልጅ ልጆች በብዙ አገር ፊደል ፋብሪካዎች ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተዋል፤ ትንንሽ ፊደል ሲሆን በደቂቃ መቶ ገደማ ያወጡ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ የመጡት ማሻሻያዎች ብዙ ናቸው፤ በሁሉም ላይ መቆየት አያስፈልግም። በ1888 ሄንሪ ባርት ሲንሲናቲ ላይ የሠራው መኪና መወዛወዙን ትቶ የፎርማውን ክፍሎች በቀጥታ መስመር ያንሸራትታል፤ ፊደሉንም ፍቆና አስተካክሎ ያወጣዋል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዊክስ ደግሞ መቶ ፎርማ በአንድ መንኮራኩር ላይ ደርድሮ ሳያቋርጥ አዞረ። በሰዓት 60,000 ፊደል ይወጣ ስለ ነበር፣ የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ያገለገለ ፊደል ወደ ሳጥኑ ከመመለስ ይልቅ ማቅለጥና በአዲስ መተካት ቀለለው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሚመስለው በላይ ትልቅ ነው። ፊደል ለቃሚ ሥራው ሁለት ነበር፤ መልቀም፣ ከታተመ በኋላም እያንዳንዱን ፊደል ወደየሳጥኑ መመለስ። መመለሱ ለማንም ምንም አያተርፍም፤ ግን ቀኑን ይበላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ፔጅ የተባለ ሰው ሁለቱንም በመኪና ልሥራ ብሎ ተነሣ። መኪናው ያለቀላቸውን ፊደላት ይለቅማል፣ መስመር ያስተካክላል፣ መልሶም ይበትናል። 18,000 ገደማ ክፍሎች ነበሩት። ደራሲው ማርክ ትዌይን ለዓመታት ገንዘቡን አፈሰሰበት፤ በ1894 ከሰረ። መኪናው ሲሠራ በጣም ጥሩ ይሠራ እንደ ነበር ያዩት መስክረዋል፤ ችግሩ ሲሠራ መገኘቱ ላይ ነበር። የፔጅን ስሕተት እኔ የማየው በክፍሎቹ ብዛት አይደለም። ፊደሉን ሊጠበቅና ሊመለስ የሚገባው ንብረት አድርጎ መውሰዱ ነው። ፊደሉ ቀልጦ እንደ ገና የሚወጣ ከሆነ መበተን የሚባል ሥራ የለም፤ ድስቱ ይበትነዋል።

ይህን የተረዳው ጀርመን አገር የተወለደው የሰዓት ሠሪው ኦትማር ሜርገንታለር ነው። ባልቲሞር ላይ የሠራው ላይኖታይፕ በ1886 ሐምሌ ወር የኒው ዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣን መስመሮች ማውጣት ጀመረ። ላይኖታይፕ ፊደልን አይለቅምም፤ ማትሪስን ይለቅማል። ሠራተኛው 90 ቁልፎች ባሉት ገበታ ላይ ሲመታ የናስ ማትሪሶች ከላይ ካለው ሳጥን እየወረዱ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። መስመሩ ሲሞላ አንድ ላይ ፎርማው ፊት ይቆማሉ፤ ብረቱ ይተፋባቸዋል፤ መስመሩ በሙሉ አንድ ወጥ ቁራጭ ሆኖ ይወጣል። መበተን ያለበት ማትሪሱ ነው፤ ለዚህም እያንዳንዱ ማትሪስ አናቱ ላይ የራሱ የጥርስ አቀማመጥ አለው። ጥርሶቹ የተያዙበት ረጅም አግዳሚ ላይ ይንሸራተታል፤ የሚይዙት ጥርሶች የሚያልቁበት ቦታ ሲደርስ በገዛ ክብደቱ ይወድቃል፤ የወደቀበት ቦታ የራሱ ሳጥን ነው።

የመስመሩ ዳር እንዴት ይስተካከላል? እዚህ ላይ ሽብልቅ ይመጣል። በየቃላቱ መካከል የሚገባው ክፍተት ከሁለት የተጋጠሙ ሽብልቆች የተሠራ ነው። ግንድ የሚፈልጥ ሰው እንደሚያውቀው ሽብልቅ በብዙ ሲገባ በጥቂት ያሰፋል። መስመሩ ዳርና ዳሩ በመንጋጋ ተይዞ ሳለ ረጃጅሞቹ ሽብልቆች ከታች በአንድ ላይ ይገፋሉ፤ ክፍተቶቹ ሁሉ እኩል ይሰፋሉ፤ መስመሩ መንጋጋውን ሲሞላ ይቆማሉ። ማንም አልደመረም፣ ማንም አላካፈለም። ክፍተቱ በዚህ መስመር ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ ሠራተኛውም መኪናውም አያውቁም፤ አያስፈልጋቸውምም። ሐሳቡ የሜርገንታለር አልነበረም፤ ጃኮብ ሹከርስ የተባለ ሌላ ፈጣሪ ቀድሞ መብቱን ይዞት ስለ ነበር ኩባንያው መግዛት ግድ ሆነበት።

በላይኖታይፕ የታተመ አሮጌ ጋዜጣ ያገኘ ሰው በፊደላቱ መካከል ፀጉር የመሰሉ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ሊያይ ይችላል። የማትሪሶቹ ጎን ሲበላ በመካከላቸው ብረት ሾልኮ ገብቶ የተወው ምልክት ነው። ጎን ለጎን የተሰለፉት ማትሪሶች ራሳቸው የፎርማው ግድግዳ ስለ ሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው ጎን እንደ ፊታቸው ሁሉ ትክክል መሆን አለበት። በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ማትሪሶች በእጅ በተቀረጸ ማኅተም ሊሠሩ አይችሉም ነበር። ላይኖታይፕን ከዚህ ችግር ያወጣው ሊን ቦይድ ቤንተን በ1880ዎቹ ሚልዋኪ ላይ የሠራው መሣሪያ ነው፤ በትልቁ የተሳለ ፊደል በመርፌ ሲከተሉት በሌላው ጫፍ ያለው መቁረጫ ያንኑ አሳንሶ አረብ ብረት ላይ ይቀርጸዋል።

አሁን ወደ ሌላው መኪና፣ ወደ ሞኖታይፕ። ፈጣሪው ቶልበርት ላንስተን መሐንዲስም አታሚም አልነበረም፤ ዋሽንግተን ውስጥ የጡረታ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። በ1887 ያስመዘገበው የመጀመሪያ መኪና ፊደልን ከቀዝቃዛ ብረት በግፊት የሚያወጣ ነበር፤ አልሠራም። ሐሳቡን ወደ ቀለጠ ብረት መልሶ ለፋብሪካ የሚሆን መኪና ያደረገው በአብዛኛው የፊላደልፊያው መሐንዲስ ጆን ሴለርስ ባንክሮፍት ነው። ታሪክ የፈጣሪውን ስም ይዞ የመሐንዲሱን መርሳት ይወዳል፤ ከዚህ በታች የሚመጡትን የሞኖታይፕ ሽብልቆች ላየ ሰው ግን ሥራው የማን እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ሞኖታይፕ ሁለት መኪና ነው። አንዱ የቁልፍ ገበታ ነው፤ የሚያወጣው የተበሳ የወረቀት ጥቅል ብቻ ነው። ሌላው ጥቅሉን አንብቦ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ፣ በተራው፣ በመስመሩ ውስጥ ያወጣዋል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ መሆን የለባቸውም። ጥቅሉ በቁም ሳጥን ተቀምጦ ከዓመት በኋላ መጽሐፉ ሲደገም እንደ ገና ሊቀለጥበት ይችላል። ጽሑፍ በቀዳዳ ተጽፎ መኪና የሚያነበው እንግዲህ ኮምፒዩተር ከመወለዱ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በፊት ነበር።

ወረቀቱ ላይ ለቀዳዳ የሚሆኑ 31 መስመሮች አሉ። ለአንድ ፊደል ቢበዛ ሁለት ቀዳዳ ይበቃል፤ አንዱ ዓምዱን፣ ሌላው ረድፉን ይናገራል። የታመቀ አየር በቀዳዳዎቹ አልፎ ትንንሽ ዘንጎችን ወደ ላይ ይገፋል። ዘንጎቹ የማትሪስ ክፈፉን የሚስቡትን መንጋጋዎች መንገድ ላይ ያስቆማሉ። ክፈፉ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ነው፤ ውስጡ 15 በ15 ሆነው 225 የነሐስ ማትሪሶች ተደርድረዋል፤ የእያንዳንዱ ጎን አምስት ሚሊሜትር ያህል ነው። ክፈፉ ወደፊትና ወደ ጎን ተንቀሳቅሶ የተፈለገውን ማትሪስ ፎርማው ላይ ያመጣል።

አንድ መሐንዲስ እዚህ ጋ ይጠራጠራል። በዚህ ፍጥነት የሚወረወር ክፈፍ እንዴት በመቶኛ ሚሊሜትር ልክ ሊቆም ይችላል? አይቆምም። መቆምም አይጠበቅበትም። በእያንዳንዱ ማትሪስ ጀርባ ሾጣጣ ጉድጓድ አለ። ክፈፉ በግምት ከቆመ በኋላ ከላይ ሾጣጣ ዘንግ ይወርድና ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ሲገባ ማትሪሱን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይስበዋል፣ ፎርማው ላይም ተጭኖ ይይዘዋል። ፈጣኑ ክፍል በግምት ይሠራል፤ ልኩን የሚጠብቀው ዝግተኛውና አጭር መንገድ የሚጓዘው ነው። መንጋጋዎቹ ትንሽ ቢያረጁ እንኳ ፊደሉ አይንጋደድም።

ከዚያም ወደ አሮጌው ጥያቄ፣ ወደ ስፋት። የሞኖታይፕ ፎርማ ሦስት ግድግዳው ቋሚ ነው፤ አራተኛው ወደ ኋላና ወደፊት የሚሄድ ስለት ነው። ስለቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚል የሚወስነው ደረጃ ደረጃ ያለው ሽብልቅ ሲሆን፣ ይህ ሽብልቅ ከክፈፉ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። የንድፉ ልብ ይህ ነው። በአንድ ረድፍ ያሉት 15 ማትሪሶች ሁሉ እኩል ስፋት አላቸው። ስለዚህ ክፈፉ ወደ አንድ ረድፍ ሲሄድ ሽብልቁም ለዚያ ረድፍ ወደ ተመደበው ደረጃ ይሄዳል፤ ፊደሉን የመረጠችው ቀዳዳ ስፋቱንም መርጣለች። የፊደል ስፋት የሚለካው የመጠኑን ሰፊ ፊደል በ18 ከፍሎ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ 5 ክፍል፣ የላቲኑ ትልቁ «ኤም» 18 ክፍል ይይዛል። ቀራፂው እንግዲህ እጁ እንደ መራው ሊሠራ አይችልም፤ እያንዳንዱ ፊደል ከእነዚህ ስፋቶች በአንዱ ውስጥ መግባት አለበት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታተሙ ስንትና ስንት ውብ መጻሕፍት የተነበቡት በዚህ ገደብ ውስጥ በተሳሉ ፊደላት ነው።

ሽብልቅ ለምን ተመረጠ? ስሕተትን ስለሚያካፍል። ተዳፋቱ ሃያ ሚሊሜትር ሄዶ አንድ ሚሊሜትር የሚወጣ ሽብልቅ ቢሆን፣ በአቋቋሙ ላይ የአሥረኛ ሚሊሜትር ስሕተት ቢኖር በስፋቱ ላይ የሚደርሰው 0.005 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ትልቅ እንቅስቃሴ ትንሽ ልክ ይሆናል፤ ሻካራ መኪና ረቂቅ ፊደል ያወጣል።

በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም በሽብልቅ ነው፤ ግን እንደ ላይኖታይፕ በመግፋት አይደለም፤ በስሌት ነው። የቁልፍ ገበታው የእያንዳንዱን ፊደል ክፍል እየደመረ፣ ክፍተቶቹንም እየቆጠረ ይሄዳል። መስመሩ ሊያልቅ ሲል ደወል ይመታል። ሠራተኛው ቁጥር የተጻፈበት ከበሮ ላይ ሁለት ቁጥር ያነባል፤ ሁለት ልዩ ቁልፎችን ይመታል። ቁጥሮቹ ለሁለት ሽብልቆች ናቸው፤ አንዱ በ0.0075 ኢንች እርምጃ፣ ሌላው በ0.0005 ኢንች እርምጃ የሚሄድ። የትልቁ አንድ እርምጃ የትንሹ 15 እርምጃ ነው፤ ሁለቱም 15 ቦታ አላቸው። ነገሩ በ15 የሚቆጠር ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር መሆኑ ነው።

ግን ቁጥሮቹ የሚታወቁት መስመሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ መኪናው የሚፈልጋቸው ከመጀመሪያው ክፍተት በፊት። መፍትሔው እጅግ ቀላል ስለ ሆነ ያስቃል፦ ጥቅሉ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይነበባል። ቁጥሮቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ ሽብልቆቹ ይቆማሉ፣ ከዚያ መስመሩ ከመጨረሻ ፊደሉ ጀምሮ ወደ ኋላ ይቀለጣል። መጽሐፉ በሙሉ ከነጥቡ ጀምሮ ይወለዳል።

የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 140 እስከ 150 ፊደል ነበር። ይህ ማለት በ0.4 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ክፈፉ ይንቀሳቀሳል፣ ሾጣጣው ይወርዳል፣ ፓምፑ ይመታል፣ በፎርማው ውስጥ የሚዘዋወረው ቀዝቃዛ ውኃ ብረቱን ያረጋዋል፣ የፎርማው አንድ ክፍል ወደ ጎን ሲሄድ ጭራውን ይቆርጣል፣ ስፋቱን የወሰነው ያው ስለት ደግሞ ወደፊት ሄዶ ፊደሉን ገፍቶ ያወጣዋል። የሞክሰን ሠራተኛ የአንድ ቀን ሥራ በግማሽ ሰዓት ያልቃል፤ ተለቅሞና መስመሩ ተስተካክሎ።

እዚህ ላይ የእኛን ፊደል ይዞ ወደ ክፈፉ መቅረብ ተገቢ ነው። ግዕዝ በእርሳስ ፊደል ከታተመ ቆይቷል፤ በ1513 ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን ያሳተመው በእጅ በቀለጡ ፊደላት ነው፤ በ1548 እና 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ላይ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። አዲስ አበባ ላይ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተቋቋመው በ1914 ዓ.ም. ነው። በእጅ የሚለቀም ፊደል ብዛት አያስጨንቀውም፤ ሳጥን ይጨመራል፣ ለቃሚው እጁን ይዘረጋል። መኪናው ግን ይቆጥራል።

የአማርኛ ፊደል 33 በ7 ቢባዛ 231 ይሆናል። ክፈፉ 225 ይይዛል። ገና ነጥብ ሳይጨመር ስድስት ፊደል ውጭ ቀርቷል። የላይኖታይፕን 90 ቁልፍማ ማንሳትም አያስፈልግም። ሞኖታይፕ በኋላ ክፈፉን ወደ 15 በ17፣ ማለትም ወደ 255 አስፍቷል። 231 ላይ 20ዎቹን የግዕዝ ቁጥሮች፣ ሁለት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝና ሌላ አንድ የነጥብ ምልክት ብንጨምር 256 ይመጣል፤ በአንድ ይበልጣል። «ሏ»፣ «ቋ»፣ «ጓ» እና ወገኖቻቸው፣ የዓረብ አኃዞችና በቃላት መካከል ለሚገባው ክፍተት የሚያስፈልገው ቦታ ገና አልተቆጠሩም። ከዚያም በኋላ የመጣው 16 በ17 የሆነው ክፈፍ 272 ይይዛል፤ እሱም ቢሆን ሁሉንም አይችልም። አንዳንዱ ምልክት ከውጭ ተለይቶ ቀልጦ በእጅ መግባት አለበት።

ከብዛቱ ይልቅ ግን መሐንዲሱን የሚያስቸግረው የረድፉ ሕግ ነው። በአንድ ረድፍ ያሉት ሁሉ እኩል ስፋት ይኑራቸው ተብሏል፤ አንድ ረድፍ ደግሞ ከ15 ወይም ከ17 በላይ አይይዝም። የላቲን ፊደል ብዙ ቀጭንና ጥቂት ሰፊ ፊደል ስላለው በየደረጃው በቀላሉ ይበታተናል። የእኛ ፊደላት ግን አብዛኞቹ መካከለኛና ሰፊ ሆነው አንድ አካባቢ ይሰበሰባሉ። «ሠ»፣ «ጠ» እና «ጨ» ከነሰባት ቤታቸው 21 ናቸው፤ ሁሉም ሰፊውን ረድፍ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሽብልቁ እንደ ገና መቆረጥ አለበት፤ አንድ ስፋት ሁለትና ሦስት ረድፍ እንዲይዝ፣ ቀጫጭኖቹ ደረጃዎች እንዲቀነሱ። ለአማርኛ የሚሆን መኪና ሥራው የሚጀምረው እንግዲህ ከፊደሉ ውበት ሳይሆን ከዚህች የብረት ቁራጭ ነው።

ፊደሉን ከነምልክቱ ለሁለት ከፍሎ ማውጣትስ? «ለ»ን አንድ ጊዜ አውጥቶ የካዕቡንና የሣልሱን ቅጥያ ለብቻ ማስጠጋት ቁጥሩን በብዙ ይቀንሰው ነበር። እርሳስ ግን አራት ማዕዘን ነው። ቅጥያው ከፊደሉ እግር ጋር የሚጣበቀው የሁለቱ ዘንጎች ጎን በሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው፤ በዚያ ቦታ ምንጊዜም ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁም ወረቀቱ ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። «ሉ» የተሰበረች ትመስላለች።

የቃል መለያው ሁለት ነጥብ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በላቲን ጽሑፍ በቃላት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ስለ ሆነ ሽብልቁ እንደ ፈለገ ያሰፋዋል። ሁለት ነጥብ ግን ፊት ያለው ፊደል ነው፤ ስፋቱ ቋሚ ነው። መስመሩን ለማስተካከል በአጠገቡ ሌላ ተለዋዋጭ ባዶ መቅለጥ አለበት፤ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ነጥቦቹ ወደ አንዱ ቃል ይጠጋሉ፤ በሁለቱም ወገን ከሆነ የቁልፍ ገበታው ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ክፍተት መቁጠር ይኖርበታል፤ ከበሮው ላይ የሚነበበው ቁጥርም በዚያው ይለወጣል። ባዶ ቦታው ብቻ በቃላት መካከል ሲቀር ይህ ስሌት ወደ ላቲኑ ይመለሳል፤ ከእያንዳንዱ መስመርም ስምንትና አሥር የብረት ዘንግ ይቀንሳል።